ማሽኑ አራት ኪሎ ያለው ልጄ

አማቴን ፊቷ ላይ እርስዎ እላታለሁ። እዚህ ግን አልልም፤ ይቅርባት።

ባሌ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እየጫነ ሩቅ አገር የሚመላለስ ሹፌር ነው፤ ቤት ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ስምንት ወር ሲሞላኝ ዳንግላ ድረስ ለአልትራሳውንድ የወሰደችኝ እሷ ናት። ሐኪሙ የልጁን ጭንቅላት፣ ሆዱንና የጭኑን አጥንት በማሽኑ ለካና «ደህና ነው። በዚሁ ከቀጠለ ሲወለድ አራት ኪሎ ሊደርስ ይችላል» አለ። ወዲያው ደግሞ «ይኼ ግን ግምት ነው። ማሽኑ ልጁን አይመዝነውም፣ ለክቶ ነው የሚያሰላው፤ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል» አለን። እኔ ሁለቱንም ሰማሁ። እሷ የሰማችው አራቱን ብቻ ነው።

አማቴ እንጅባራ ገበያ ድንች ትቸረችራለች። ቤት እንደገባን በሚዛኗ አራት ኪሎ ድንች መዘነችና በፌስታል ቋጥራ ጭኔ ላይ ዱብ አደረገችው። «ያዢው! ከአንቺ የሚወጣው ይኼን የሚያህል ነው» አለች። ታላቅ ልጇ በምጥ ነው የሞተችባት፤ ልጁ ገዝፎ አልወጣ ብሎ። እውነት ነው፣ አዝኜላታለሁ። ግን የእሷን ልጅ የገደለው የእኔ ምሳ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጓዳው ቁልፍ አንገቷ ላይ ዋለ። ወተት ልጁ ላይ ይለጠፋል ተብሎ ቀረ። እንቁላል ቀረ። ቤቱ ድንች በድንች ሆኖ ድንች አማረኝ! ጠዋት ግማሽ እንጀራ፣ ማታ ቀጭን አጥሚት። «ኧረ ራበኝ፣ እማማ» ስላት «የራበሽ አንቺ አይደለሽም፣ እሱ ነው። አታሞላቅቂው» ትለኛለች። ለባሌ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «እናቴ የምትልሽን ስሚ፤ አንቺ ስንት ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። የት አባቱ! ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ምጡ ሲመጣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ብዙም ሳላምጥ ወለድኩ። አዋላጇ ልጁን ሚዛኑ ላይ አስተኛችውና ቁጥሩን ደግማ አየችው። ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም።

«አራት ይሆናል ተብሎ ነበር» አልኳት።

«ማሽኑ ይሳሳታል፤ ይኼን ያህል ግን… አንቺ፣ ትበይ ነበር?»

«ከልክላኝ ነው!» አልኩና ጣቴን ወደ አማቴ ቀሰርኩ።

ምንም አላፈረችም። «እልል በሉ እንጂ! ሳትሰቃይ ነው የተገላገለችው» አለች።

ልጄ አልቆየም። መጥባት አቃተው፣ ገላው አልሞቅ አለ፣ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ማሽኑ ምን ያህል ተሳስቶ ነው፣ ረሃቡስ ምን ያህሉን በላው ብዬ አዋላጇን ደጋግሜ ጠየቅኳት። አላውቅም አለችኝ። ማንም አያውቅም። አንጀቴ እርር የሚለው በዚህ ነው።

ጎረቤት ሊያጽናናን መጣ። ሴቶቹ አማቴን ከበው «እናቲቱን አትርፈዋል እኮ፣ ይኼም ቀላል አይደለም» ይሏታል። የእኔ ልጅ ሞቶ ምስጋናው ለእሷ! እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጥረግ አደረገችና ጥግ ላይ ወደተቀመጠች ነፍሰ ጡር ዞረች። የጎረቤታችን አዲስ ሙሽራ ናት።

«አንቺስ፣ ስንት ኪሎ አሉሽ?»

«ሦስት ተኩል ይሆናል አሉኝ፣ እማማ።»

«ውይ፣ ውይ! እንግዲህ ምግብ መቀነስ በጊዜ ነው።»

ልጅቷ አፏ ጋ ያደረሰችውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰች።

«ብዪው!» ብዬ ጮህኩባት። «ብዪው እንጂ!»

ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነክቷታል ተባባሉና፣ ደግፈው መኝታ ክፍል አስገብተው በሩን ዘጉብኝ።