የልጅቷን እጅ የሚጠቀልለው ሰው

አባትየው ሰውየውን በቅጡ አያውቀውም። የሚያውቀው በወጣትነቱ የቀላል ክብደት ቦክሰኛ እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ የሴት ልጁ አሰልጣኝ መሆኑን ብቻ ነው። አፍንጫው ወደ ግራ ተጣሟል፤ ቱታው ጉልበቱ ላይ ሳስቷል። ውድድር ከተወ ስንት ዘመኑ፣ ዛሬም ሚዛን ላይ ሳይወጣ ሻይ አይቀምስም ይባላል።

ቤት ውስጥ አባቷ "ብዪ እንጂ" ሲላት፣ ልጅቷ "አሰልጣኝ ይበቃሻል ብሎኛል" ትላለች። ጉንጯን ሊስም ሲጠጋ እንኳ "ኧረ አባዬ፣ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ!" ብላ ትሸሸዋለች።

ዛሬ ልምምዷን ሊያይ መጣ። አሰልጣኙ እጇን በጨርቅ ጠቅልሎ ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠ። "እስቲ ጨብጪ" አላትና ጡጫዋን በገዛ ጉንጩ ላይ አሳረፈው። አስሮ ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚፈትነው እንዲህ ነው።

"ይቆረቁራል፤ እንደገና" ብሎ ፈታው። ልጅቷ እንደ ሕፃን እጇን ሰጠችው።

አባትየው አላስቻለውም። "ለመሆኑ አሰልጣኝ፣ አንተ የራስህ ልጅ የለህም?" አለው፤ ድምፁ ካሰበው በላይ ሻከረ።

የሰውየው እጅ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ጨርቁን ከአውራ ጣቷ መጠቅለል ጀመረ።

"ጣቶችሽን ዘርጊልኝ፣ የኔ እናት" አላት።