ፓምፑ የቆመ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄን በርባንክ ከተማ ወዳለ የጥርስ ሐኪም ወስጃት፣ ተራ የምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ አንድ ሰው የዓሣዎቹን አኳሪየም ክዳን ከፍቶ ውሃ ሲቀይር ደረስን። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ባለሁበት ቆምኩ። የረጠበ ጠጠርና የአረንጓዴ አልጌ ሽታ ነው፤ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ልጄ እጄን ትጎትታለች። እኔ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ፣ የረጠበ እጅጌዬን ጠቅልዬ ቆሜ ነበር።

አባቴ አሜሪካ ሲገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። እኔን ለማስመጣት ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ኤርፖርት የተቀበለኝ ሰው ከፎቶው ይልቅ አጠር ያለ፣ ጸጉሩ በጎንና በጎን የሸበተ ነበር። አንቱ አልኩት። ፈገግ እንደማለት ብሎ፣ "አንተ በይኝ፤ አባትሽ እኮ ነኝ" አለኝ። እሺ አልኩና አንቱ ማለቴን ቀጠልኩ።

ታክሲ ይነዳ ነበር። ጠዋት ወጥቶ አመሻሽ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዓሣዎቹ ነው። የሳሎኑን አንድ ጥግ በያዘው አኳሪየም ውስጥ አሥራ አንድ ዓሣዎች ነበሩት፤ ትልቁ መዳፍ የሚያህል ብርቱካንማ ዓሣ ነው። ጎንበስ ብሎ "እንዴት ዋላችሁ?" ይላቸዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "በላሽ?" ይለኛል። ሌላ የምንነጋገረው ብዙ ነገር አልነበረንም። ለውሃው አየር የሚነፋው ፓምፕ ቀን ከሌት ያጉረመርማል፣ አረፋው ይንፎለፎላል። የምተኛው እዚያው ሳሎን ሶፋ ላይ ስለነበር ድምፁን ጠላሁት። ምን ልበላችሁ፣ ዓሣዎቹንም ጠላኋቸው። እኔ ያጣሁትን ዘጠኝ ዓመት እነሱ የወሰዱብኝ ይመስለኝ ነበር።

በመጣሁ ሰሞን፣ "ፓምፑ ከቆመ ቶሎ ደውዪልኝ፤ አየር ያጥራቸዋል" ብሎኝ ነበር።

መስከረም ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ አስፋልቱን ያለሰለሰበት ቅዳሜ። ከምሳ በኋላ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ኤሲ አንዴ ተንገጫግጮ ቆመ። ፍሪጁም ዝም አለ፣ ፓምፑም ዝም አለ። በመስኮቱ በኩል ከምግብ ቤቶቹ ወደ ውጭ የሚወጡ ሰዎች "እናንተም ጋ መብራት ጠፋ?" ሲባባሉ ይሰማኛል።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አልደወልኩም። ሶፋው ላይ ጋደም አልኩና ዝምታውን አዳመጥኩ። ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ያረፍኩበት ጊዜ አልነበረም። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ወስዶኝ ነበር ብል ውሸት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደተጋደምኩ ቆየሁ።

ቀና ስል ዓሣዎቹ በሙሉ ከውሃው በላይ አፋቸውን አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ብርቱካንማው በጎኑ አዘንብሏል። ያኔ ደወልኩ።

"አባዬ፣ ፓምፑ ቆሟል፣ ቶሎ ና።" አንቱ ማለቴን የረሳሁት ያኔ ነው። እሱም ያስተዋለ አልመሰለኝም።

"ኦኬ፣ አትደንግጪ። ኤርፖርት የታክሲ ላይን ላይ ነኝ፣ አሁን እወጣለሁ። ጆግ ውሰጂና ከራሱ ውሃ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው። ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። የቧንቧ ውሃ እንዳትጨምሪ፤ መድኃኒት አለው፣ ይገድላቸዋል። ሶ፣ እኔ እስክመጣ እንዳታቆሚ።"

ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ቀዳሁ፣ አፈሰስኩ። ትከሻዬ ተቃጠለ፤ ላቤ ከውሃው ጋር ይንጠባጠባል። በሩን ለነፋስ ከፍቼው ስለነበር፣ ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ድምፁን ሰምተው ወጡ። አረጋውያንን በመንከባከብ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ምንም ሳይጠይቁ ጆጉን ተቀበሉኝ።

"አባትሽ እነዚህን ለምን እንደገዛ ነግሮሻል?" አሉኝ እያፈሰሱ።

"አልነገረኝም።"

"ያንቺ የመግቢያ ወረቀት መጀመሪያ ውድቅ ሆኖ የተመለሰበት ጊዜ ነው። ከሥራ ስገባ ቤቱ ዝም ይልብኛል፣ አንድ የሚተነፍስ ነገር ይኑር አለኝ።"

ጆጉን መልሼ ወሰድኩ።

አባቴ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ገባ። በመንገዱ ላይ ከዓሣ አጥማጆች ዕቃ መሸጫ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ ነበር። ቱቦውን ውሃው ውስጥ ከተተውና ተንበረከከ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አሥሩ ቀስ በቀስ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ብርቱካንማው አልወረደም። አየር ሲያጥር ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ እንደሆኑ ኋላ ነው ያወቅሁት።

እትዬ በቅንነት፣ "ልጅህ ጎበዝ ናት። መብራቱ ከሄደ እኮ ሦስት ሰዓት ሊሆነው ነው" አሉ።

አባቴ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የደወልኩበትን ሰዓት ሲያይ አየሁት። ስልኩን መልሶ ከተተ። ወደ እኔ ሳይዞር፣ "እጅሽን አሳርፊ፤ ደክሞሻል" አለኝ። ዓሣውን በወረቀት ፎጣ ጠቅልሎ በጓሮው ደረጃ ወረደ። ሲመለስ ጥፍሩ ውስጥ አፈር ነበር።

በማግስቱ መብራቱ ሲመጣ አኳሪየሙን በጆግ አጎደለውና ወደ መኝታ ቤቱ ወሰደው። ክፍሉ ለአልጋው እንኳ የማይበቃ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ የሚወጣው በግርጌው በኩል ነበር። "ሳሎኑ ላንቺ ይሁን፤ ድምፁ ይረብሻል" አለኝ። ስለደወልኩበት ሰዓት አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ያ ዝምታው ስንት ዓመት ከረመብኝ።

አባቴ ሳይሞት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጬ፣ ልናገር ብዬ ነበር። "አባዬ፣ ያን መብራት የጠፋ ቀን፣ እኔ እኮ..."

"ሙቀቱ ነው ልጄ" አለኝ ሳያስጨርሰኝ። "ያን ቀን ሙቀቱ ለሰውም የሚቻል አልነበረም።"

ትራሱን አስተካከልኩለት። "አዎ፣ በጣም ሞቆ ነበር" አልኩት።