ሙሾ የሚጠብቅ ፈረስ

የእንጅባራው ውብአየሁ ፈረስ ላይ ሲወጣ ከኮርቻው ላይ የበቀለ ነው የሚመስለው። መሬት ሲወርድ ግን ዓይን አፋር ነው፤ ሴት ሰላም ካለችው ጆሮው ይቀላል። ፈረሱ መገን የአባቱ ነበር። አባትየውም "አባ መገን" እንደተባሉ ነው የሞቱት።

እንግዲህ በዚያ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ፈረስ የሌለው ይዋሳል፤ ለለቅሶ ፈረስ መከልከል ነውር ነው። እናቱ ወይዘሮ ስሜነሽም መገንን ከአዘና እስከ ዳንግላ ለለመናቸው ሁሉ ሲሰጡ ኖሩ። በዚህ ዓይነት ፈረሱ የለቅሶን ሥርዓት ከቄሶቹ እኩል አወቀው። ከል የለበሰ ሰው ጸጥ ብሎ ዙሪያውን ሲቆም እሱም ይቆማል፤ አንገቱን ይደፋል፤ አስለቃሿ ሙሾ ካላወረደች ንቅንቅ የለም። ካወረደች ደግሞ እግሩን እያነሳ እንደ ሙሽራ እየተጀነነ ይሄዳል። ጎረቤታቸው ሽታዬ፣ ይሄ ፈረስ እኮ የቀረበት ተዝካር መብላት ብቻ ነው ትል ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምህረት፣ በጥር የፈረስ ጨዋታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሻምበል መገንን አየና ልቡ ቀረ። ናይሮቢ የፈረስ ውድድር አለ፤ መሮጥ አይደለም፤ ፈረሱ በታጠረ ሜዳ ውስጥ አረማመዱ፣ ሶምሶማው፣ አዟዟሩ ነው የሚታየው። ሦስት ፈረስ ይሄዳል፤ አንዱ መገን ይሁን አለ። ወይዘሮ ስሜነሽ ብዙ አሰቡና፣

"ልጁን ውሰዱት፤ ፈረሱን ግን ትመልሱልኛላችሁ" አሉት።

ሽታዬ ይህችን ቃል ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን እንደሳቸው ሰበር አድርጋ፣ በየገበያው እያስመሰለች አገሩን አሳቀችበት። ለልጃቸው ለብቻው በአገውኛ የነገሩት ግን አያስቅም፤ ከአባትህ የቀረኝ እሱ ነው፣ ያለ እሱ እንዳትመጣብኝ ነው ያሉት።

አዲስ አበባ የሚያስተምራቸው ፈረንጅ ነበር፤ ሙሴ ይሉታል። አማርኛው እንደ ሸክላ የተሰባበረ ነው። "ዛሬ መገን መልአክ። ነገ መገን ግንድ። ለምን?" እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ውብአየሁ ለምን እንደሆነ ያውቃል። ግንድ የሚሆነው ከል የለበሱ ሴቶች ከአጥሩ ዳር ቆመው ሲያዩት ነው። ታዲያ ፈረሴ የለቅሶ ፈረስ ነው ብሎ ቢናገር፣ በማግስቱ ወደ እንጅባራ ሊሸኙት አይደል? ዝም አለ። ሙሴው አጥብቆ የነገራቸው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ሜዳው ውስጥ አፍ የለም። ፈረሱን ያናገረ ነጥብ ይቀነስበታል።

ሊሄዱ ሲሉ ሻምበሉ አንድ ነገር ጨመረ። በመመለሻው መርከብ ቦታ ያለው ለሁለት ፈረስ ብቻ ነው፤ ከሦስቱ በነጥብ ኋላ የቀረው እዚያው ይቀራል። ውብአየሁ ለእናቱ በላከው ደብዳቤ ይህን አላስገባም።

ናይሮቢ ተራው ደረሰና ገባ። ዳኞቹ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ትንፍሽ አይልም። ደንብ ነውና ውብአየሁም ጥቁር ኮት አድርጓል፤ ዳኞቹ ፊት ደርሶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። መገን ምን ይፈረድበታል? ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አንገቱን ደፋ።

ውብአየሁ ተረከዙን ጠጋ አደረገ። የለም። ልጓሙን ነካ ነካ አደረገ። የለም። ሙሴው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ባርኔጣውን ይጨምቃል። ዝም ካለ ፈረሱ አይሄድም፤ ከተናገረ ነጥቡ ይሄዳል። ሲጨንቀው እናቱ አባቱን ያለቀሱበትን ሙሾ በአገውኛ ማንጎራጎር ጀመረ።

መገን ጆሮውን ቀሰረና ተነሳ። እንደዚያ ቀን ሄዶ አያውቅም፤ እግሩን ሲያነሳ መሬቱን የሚረግጥ አይመስልም። ሙሾው ሲቆም ይቆማል፣ ሲቀጥል ይቀጥላል። ስለዚህ ውብአየሁ እስከ መጨረሻው አባቱን አለቀሰ፤ ሳይታወቀው እንባውም መጣ። ዳኞቹ በየዙሩ ቀነሱበት። ከሁሉም መጨረሻ ወጣ።

ውብአየሁ ከሻምበሉ እግር ላይ ወደቀ። ሻምበሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መርከቡ ግን የሱ አይደለም። ውብአየሁ ሊሰናበት ጋጣው ሲገባ መገን ድርቆሹን ይበላል፤ ቀና ብሎም አላየው።

እንጅባራ ከአውቶቡስ ሲወርድ ልጓሙን በጋቢ ጠቅሎ ይዟል። ቤታቸው ደጅ ላይ አንድ የአዘና ሰው ከእናቱና ከሽታዬ ጋር ተቀምጧል። አጎቱ ሞተውበታል፤ መገን ዛሬ ይመጣል ሲሉት ለነገ ለቅሶ ሊዋስ ነው የመጣው።

ወይዘሮ ስሜነሽ ተነሱ፤ ልጃቸውን አልፈው መንገዱን እስከ መታጠፊያው ድረስ አዩ።

"እሱስ?"

ውብአየሁ ጋቢውን ፈታ። የአዘናው ሰው ቆብ ጨብጦ ይጠብቃል፤ ለለቅሶ የመጣን ሰው ደግሞ ባዶ እጁን መሸኘት አይሆንም። ወይዘሮ ስሜነሽ ልጓሙን ከልጃቸው እጅ ወስደው ለሰውየው ሰጡት።

"ያለን ይሄው ነው" አሉት።

ሰውየው በሁለት እጁ ተቀብሎ ወጣ። የልጓሙ ብረት እየተንቃጨለ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተሰማ።