ውሻው የተኛበት ጠረጴዛ

እናቴ ያልተነሳችውን ራጅ ውሻ ተነስቶታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን፣ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል ራጅ ክፍል እሠራ ነበር። በግ ሊያረባ የመጣ ፈረንጅ የሚያነክስ ውሻውን በላንድሮቨር ጭኖ መጣ። የሐኪማችን ወዳጅ ስለነበር ማን እንቢ ይለዋል! የውሻውን አፍ በፋሻ አሰርኩት፤ ባለቤቱ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ ለብሶ ሰው በሚተኛበት ጠረጴዛ ላይ ያዘው፤ እኔ ራጅ አነሳሁት።

ፊልሙ ሲደርቅ ሐኪሙ መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን። ያበጠው የፊት እግሩ አጥንት ብል የበላው ጋቢ መስሏል። ደረቱን ደግመን ስናነሳው ሳንባው ላይ ድብልብል ነጫጭ ነገሮች ተበትነዋል።

“የአጥንት ነቀርሳ ነው። ሳንባው ውስጥም ገብቷል፤ እግሩን ብንቆርጠውም አይተርፍም” አለ ሐኪሙ።

ፈረንጁ አለቀሰ። እኔ ግን የማስበው የእናቴን ጉልበት ነበር። አንኮበር፣ ቄሱ አባቴ ቤት፣ እንደዚያው አብጦ ከርሟል። ስግደት ያመጣው ነው ይሏታል።

ለምኜ፣ ተቆጥቼ እናቴንም አባቴንም አመጣኋቸው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ልትተኛ ስትል ዘበኛው ሊያደፋፍራት ብሎ፣ “አይዞዎት እማማ፣ እዚህ እንኳን ሰው ውሻም ተነስቷል!” አላት።

“ውሻ የተኛበት ላይ?” አሉ አባቴ።

“ታጥቧል አባባ፤ በመድኃኒት ታጥቧል” አልኳቸው።

“የቄስ ሚስት ናት! ረክሳ እንዴት ልትቆርብ ነው?”

“እንግዲያው ጠበል ይርጩበት።”

“ጠበልን የጠረጴዛ ማጠቢያ አደረግኸው?”

እናቴ ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ለበሰች። አባቴ ጠበል ወሰዷት፤ እብጠቱ ባሰ፤ ኋላም ሳል ተጨመረበት። ፋሲካን ሳታይ ሞተች።

ራጁ ላያድናት ይችል ነበር። ውሻውንም አላዳነውም። ግን ውሻው በግማሽ ቀን ምን እንደያዘው ታውቆለታል፤ እሷ በስግደቷ እንደታመመች እያመነች አለቀች። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ተዝካሯ ከወጣ በኋላ አባቴን ደረታቸውን ውጋት ያዛቸው። ማንም ሳይለምናቸው በራሳቸው እግር ራጅ ክፍል መጡ። ያለን ጠረጴዛ ያው አንዱ ነው።

አላስችል አለኝና፣ “አባባ፣ ውሻው የተኛበት እኮ ነው” አልኳቸው።

ጥምጥማቸውን ፈተው አቀበሉኝና ተጋደሙ።

“ታጥቦ የለም እንዴ?” አሉኝ።