ቋንቋው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት

ልብስ ሰፊው ከነቤተሰቡ ተሰዶ ከመጣ ወዲህ የአገሬውን ቋንቋ የተማረው ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ እውቀቱ ከአንገት ይጀምርና ቁርጭምጭሚት ላይ ያበቃል። «ትከሻ»፣ «ወገብ»፣ «ክንድዎን ይዘርጉ» ሲል እዚያው የተወለደ ይመስላል። ዳቦ ግዛ ተብሎ ሲላክ ግን የሚናገረው እጁ ብቻ ነው።

ሴት ልጁ ደግሞ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥታው፣ በሕልሟ እንኳ የምትጣላው በእሱ ነው። ትምህርት ቤት የአገሬውን ልጅ ለመምሰል የማትሆነው የለም። ችግሩ አባቷ የሰፋላት የደንብ ልብስ ነበር፤ ለእድገቷ ብሎ ያጠፈው ጨርቅ ቢፈታ እስከ ሠርጓ ያደርሳታል። ልጆቹ «ድንኳን» አሏት። አባቷ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ለልጆቹ ስታወራ የሾመችው እሷ ናት፤ እሱ ሹመቱን አልሰማም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህርቷ የቲያትር ልብስ የሚሰፋ ወላጅ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ለአባቷ «ስለ ንጽሕና ነው የምታወራው» ብላ ተረጎመችለት። ምን ዋጋ አለው፣ መምህርቷ የጠራቻቸው «እጅጌ» እና «ወገብ» ጆሮው ውስጥ ጥልቅ ብለዋል። እጁን ጣሪያ ሊነካ እስኪደርስ አነሣ።

«ንጽሕና እጅጌ አለው እንዴ?» አላት እየሳቀ።

በማግስቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ክፍሏ ገባ። ልጆቹን አሰልፎ «ሆድ ወደ ውስጥ፣ ጌታዬ» እያለ ሲለካቸው ክፍሉ በሳቅ ሞተ። በልደቷ ልትጠራት ቃል የገባችላት ረጅሟ ጓደኛዋ ጠጋ አለች።

«ትመስይዋለሽ እኮ። አባትሽ ነው?»

«ኧረ አይደለም። እኛ ቤት የሚሰፋ ሰውዬ ነው።»

«አባት» እና «አይደለም» ማንም ስደተኛ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሚለያቸው ቃላት ናቸው። ሜትሩ አንድ ልጅ ደረት ላይ እንደተጠመጠመ ቆመ።

ተራዋ ደረሰ። ልኳን ከተወለደች ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀው ሰው ፊቷን ሳያይ፣ በአገሬው ቋንቋ፣ «ክንድዎን ይዘርጉ፣ እመቤት» አላት። ዘረጋች። ለካት፣ ጻፈ።

«አመሰግናለሁ። ቀጣይ።»

ቤት ሲገቡ እናቷ «እህ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?» አለችው።

«ጨዋዎች ናቸው። የእኛዋም ከሁሉም ጋር ገጥማለች» አለና ወደ ስፌት መኪናው ዞረ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ አንድ ነገር ልትነግረው ደጋግማ አጠገቡ ቆመች። እሱ ቀና ሳይል «ብርሃኑን ከለልሽኝ፣ የኔ ልጅ» ይላታል።

የቲያትሩ ቀን ከፊት ሁለት ወንበር ያዘችላቸው። እናቷ ብቻዋን መጣች።

«አባባስ?»

«ሥራውን ያስረከበ ልብስ ሰፊ እዚያ ምን ይሠራል አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»

ልጅቷ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደች። ንግሥት ሆና ተጫወተች፤ ተጨበጨበላት። መጋረጃው ሲዘጋ ረጅሟ ጓደኛዋ ቀሚሷን እየዳሰሰች፣ «ያ ሰውዬ ጉድ ነው። ለልደቴ ይስፋልኝ፣ ንገሪልኝ» አለቻት።

«አባቴ ነው።»

ረጅሟ በሳቅ ፈነዳች። ሌሎቹንም ጠራቻቸው። «ኑ ስሙልኝማ፣ ልብስ ሰፊው አባቴ ነው ትላለች። ቲያትሩ አልቋል እኮ፣ ንግሥት ሆይ።»

«አባቴ ነው» አለች ደግማ። አሁን እንባዋ አገጯ ደርሷል።

እንዲህ ያለ ትወና አይተን አናውቅም ብለው አጨበጨቡላት።