ከቴምሩ ሥር

ትናንት የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ፈረንሳይኛ ስታጠና፣ እርሳሷን አንዴ ደብተሩ ላይ፣ አንዴ ደብተሩ ሥር እያደረገች «ሱር፣ ሱ» ስትል ሳቄ አመለጠኝ።

እኔም እነዚህን ቃላት የተማርኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር በነበረ ትምህርት ቤት ነው። ማዳም የምንላት አስተማሪያችን የጅቡቲው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ሚስት ነበረች። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ እጄን የማወጣ ልጅ ነበርኩ። ያወቅሁትን ይዤ ዝም ማለት አልችልም፤ ይሄ አመል ዛሬም አልለቀቀኝም።

ለፋሲካ እረፍት፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው አክስቴ ዘሃራ ጅቡቲ ይዛኝ ሄደች። ስንመለስ ወንበራችን ሥር አንድ ዘንቢል ቴምር፣ ከቴምሩ ሥር ደግሞ ለልጇ ሠርግ የገዛችው ሰማያዊ ሐር ነበር። ቀረጥ አልተከፈለበትም። ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ካገኙት ሙሽራዋ በአሮጌ ቀሚስ መዳሯ ነው። ያኔ በዚያ ባቡር ዘንቢሉ ንጹሕ የነበረ ሰው አለ ብዬ አልምልም።

ድሬ ልንገባ ስንል፣ ሙቀቱና አቧራው በመስኮት እየገባ፣ የማዳም ባል መጣ። ትኬታችንን በስቶ፣ እኔን ሲያውቀኝ በፈረንሳይኛ ይፈትነኝ ጀመር። መጽሐፍሽ የት ነው? ጉልበቴ ላይ። አክስትሽስ? አጠገቤ። ዘንቢሉስ? ወንበሩ ሥር። ቴምሩስ? ዘንቢሉ ውስጥ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሳይጠይቀኝ በጣቴ እያመለከትኩ ቀጠልኩ፣ «ሱ ሌ ዳት»፣ ከቴምሩ ሥር...

ሐሩ ትዝ አለኝ። አክስቴ ፈረንሳይኛ ባታውቅም ጣቴን አይታ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከቴምሩ ሥር ሌላ ቴምር አለ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ዘንቢሉን አየ፤ አንድ ቴምር አንስቶ አኘከ። ከኋላው ለመጡት ሁለት ፊናንሶች በተሰባበረ አማርኛ «ይሄ፣ እኔ አይቷል» አላቸውና ተከትለውት አለፉ።

«ወላሂ፣ ምን ብለሽው ነው?» አለች አክስቴ።

«ቴምር ብቻ ነው አልኩት።»

«መጀመሪያስ ማን ጠየቀሽ?» ብላ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ቤት እስክንደርስ ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። እኔም ፈረንጅ አታለልኩ ብዬ ሰነበትኩ።

ትምህርት ሲከፈት ማዳም አስነሳችኝ። «ከቴምሩ ሥር ምን አለ?»

«ሌላ ቴምር» አልኩ።

«ባለቤቴ ግን ሰማያዊ ቴምር አይቶ አያውቅም» ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ለካ የሐሩ ጫፍ ብቅ ብሎ ኖሯል። ትከሻዋ በሳቅ ሲነቃነቅ አየሁ።

ያን ሰው ሳላመሰግነው ቀረሁ፤ ይሄ ዛሬም ይቆጨኛል። ይህን ሳስብ የልጅ ልጄ እርሳሷን ደብቃ «ደብተሩ ሥር ምን አለ?» አለችኝ። የእርሳሱ ጫፍ ወጥቶ ይታየኛል።

«ደብተሩ ሥር? ምንም የለም» አልኳት።