አጎቴ ለልጆቼ እጅ የሰጡት ሥራ

አጎቴን ሰው የሚያውቃቸው ስፒከር በመሥራት ነው። እኔ የማስታውሳቸው ግን በሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጊዜ ነው።

ሮቫ ሔት ሰፈር ያለው ቤታቸው በዕብራይስጥ ማማድ የሚሉት፣ ከሮኬት የሚያስጥል የሲሚንቶ መጠለያ ክፍል አለው። ሥራቸውም እዚያው ነበር። ሣጥኑን ራሳቸው ቆርጠው ይገጥማሉ። ከታች ለከበሮው ድምፅ ትልቁን ድምፅ ማውጫ፣ ከላይ ለቀጭኑ ድምፅ ትንሿን፣ መሐል ላይ ደግሞ ግማሽ ብርቱካን የምታክል የጨርቅ ጉልላት ያደርጋሉ። "የሰው ድምፅ የሚወጣው ከዚህች ነው። ጣት ከነካት ትሰረጉዳለች፣ ድምፁም ይበላሻል" ይሉ ነበር።

የእኔ ቤት መጠለያ ስለሌለው ሳይረን ሲጮህ ልጆቼን ይዤ ወደሳቸው እሮጣለሁ። በሩን ዘግተው እያንዳንዱን ልጅ አንድ ጉልላት ፊት ያስቀምጡታል። "መዳፋችሁን እንደ ጣሪያ አድርጋችሁ ጠብቁልኝ። እንዳትነኳት ታዲያ!"

አንድ ቀን ተናደድኩ። "ጋሼ፣ ሮኬት እየወረደ አንቱን የሚያሳስብዎት ስፒከር ነው?"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ዝም በይ፣ አንቺ ፈሪ! እስቲ የልጆቹን እጅ እይው፣ ይንቀጠቀጣል?"

አየሁት። አይንቀጠቀጥም።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ስፒከሮቹን ዘመድ ተከፋፍሎ ወሰዳቸው። ሳይረኑ እንደገና ሲጮህ ባለቤታቸው ከፈቱልንና ባዶው ማማድ ገባን። ትንሿ ልጄ ግራ ቀኝ አይታ፣ "እማ፣ ዛሬ ምን እንጠብቅ?" አለችኝ። ፍንዳታው ሲሰማ ልጆቼ ሁሉ ባንድ ጊዜ አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።